መብራት ሲመጣ የጀመረው ሙሾ

ያደግሁት ጉና ተዳፋት ላይ፣ ጉም ከገብሱ በላይ በሚበረክትበት አገር ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ስላልቆየች፣ የአባቴ እህት ከገዛ ልጇ ጋር ጡት አጋርታ አሳደገችኝ። ስለዚህ አክስቴን እንደ እናት «አንቺ» ነበር የምላት። «ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል» ብሎ የሚቆጣኝ ዘመድ ሲገኝ «የጠባ አፍ አንቱ አይልም» ብላ ራሷ ትመልስልኝ ነበር። እኔና ልጇ የምንበላለጠው በሦስት ወር ብቻ ነው።

ጉም በወረደ ቁጥር ሁለታችንንም በራፍ ላይ አቁማ አንድ ነገር ታስጠነቅቀን ነበር። «ያላያችሁት ሰው ሲጠራችሁ ሦስቴ ሳይጠራ አቤት እንዳትሉ። ሰው ያልሆነ ነገር ሁለቴ ይጠራል እንጂ ሦስተኛውን አይደግምም።» እሷም ደንቡን ታከብራለች፤ ስትፈልገን ሦስት ጊዜ «ልጄ» ትላለች፣ ልዩነት ሳታደርግ ለሁለታችንም። እኛ ከመጀመሪያው ብንሰማም ሦስተኛውን ጠብቀን እኩል «አቤት» እንላለን። እንግዳ የመጣ ቀን ደንቆሮ ወይም ባለጌ ልጆች እንመስል ነበር።

አክስቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከጉና እስከ አንበሳሜ ሰው ሲሞት በቅሎ ተጭኖ ይላክላት ነበር። ሟቹን ባታውቀውም ዘመዶቹን ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቅና፣ ቆማ ግጥሙን ስታወርድ ሚስቱ የረሳችውን ሁሉ ታስታውሳለች። ቄሶቹ አይወዱላትም ነበር። የንስሐ አባቷ በየዓመቱ እንድትተው ይመክሯታል፣ እሷም በየዓመቱ «እሺ አባቴ» ትላቸዋለች። ሰው ሲሞት ግን እሳቸውም ዝም ይላሉ።

በመጨረሻ ሙሾውን ያስተዋት ልጇ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ወርዶ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ፣ አንድ ቀን ስልኩ እምቢ አለ። ወር ሆነው፣ ዓመት ሆነው። ያኔ ሙሾውን አቆመች። በቅሎ ይዘው የመጡትን ሰዎች «የራሴን ሳላውቅ የሰው አላወርድም። ሙሾ አንዴ ከተነሳ ባለቤቱን ሳያገኝ አይተኛም» ብላ መለሰቻቸው። እኔ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር አስተምር ስለነበር፣ ኔትወርክ የተሻለ ነው ብላ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። ስልኳን በጡቷ መሐል ይዛ ነው የምትውለው። ባትሪው ግማሽ ሲደርስ እንኳ አይሆንላትም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶላር ካለው ጎረቤት ቻርጅ ልታስደርግ ይዛው ትዞራለች። ልጇ ሞቷል የሚል ቃል በቤታችን አይነሳም ነበር። ልጇ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ስለ እኔ ጥፋት ልናገር።

ከማስተማሩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ እሠራለሁ። አሠራሩ ለብዙ ሰው ግራ ነው። ዘፈኑን አስቀድሜ ቀርጬ አላስቀምጥም። አንድ መስመር ኮድ እጽፋለሁ፣ መስመሩ ወዲያው ይሰማል። ድምፁ እየሄደ ሳለ መስመሩን አርማለሁ፣ ድምፁም ሳይቆም ይታረማል። ለኮምፒውተሩ የምሰጠው ዜማውን ሳይሆን ደንቡን ነው፤ ከዚህ ድምፅ ቀጥሎ ያንን በል፣ አራት ጊዜ ከወረድህ አንዴ ውጣ፣ አልፎ አልፎ በራስህ ዕጣ ጥለህ ምረጥ። ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን ትንሽ ምልክት አይቶ ሙሉ ዜማ የሚያወጣ የድጓ ተማሪ ነገሩን ከባልደረቦቼ ቀድሞ ይረዳዋል። ባልደረቦቼ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉኛል። አያልቅም። የዚህ ሙዚቃ ኩራቱ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው፣ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ አስብ ነበር።

አክስቴ ሥራዬን አትጠላም፣ ትስቅበት ነበር እንጂ። «ዛሬም ምጥ ይዞታል እንዴ?» ትለኛለች ድምፅ ማጉያው ሲያቃስት። እኔም «ገና ነው እትየ» እላታለሁ።

ከመተዋ በፊት አንበሳሜ ላይ አንዲት እናት ወንድ ልጇ ሞቶባት ነበርና አክስቴ ያወረደችውን ከሰው ኋላ ቆሜ በስልኬ ቀድቼው ነበር። አላስፈቀድኳትም። ለቅሶ ላይ ስልክ ማውጣት ነውር እንደሆነ አውቅ ነበር፣ አወጣሁት። ያንን ቅጂ ኮምፒውተር ላይ በጥቂት በጥቂቱ ቆራረጥኩት። የቃል ጅማሬ፣ የቃል መጨረሻ፣ ትንፋሽ፣ «ኧ» የምትልበት ቦታ። አርባ አንድ ቁራጭ ሆነ። ከሁሉ አንዷን ብቻ ሙሉ ቃል አድርጌ ተውኳት፣ «ልጄ» የምትለዋን፣ ለመቁረጥ እጄ ስላልታዘዘልኝ ነው። አንዱ ቁራጭ ውስጥ ደግሞ ከኋላዋ የቆመ ሰው ሳል ገብቶበታል። ላወጣው ብሞክር የእሷም ድምፅ አብሮ ይበላሻል፣ ተውኩት።

ከዚያ ደንቧን ፈለግሁ። ሳምንታት ፈጀብኝ። አክስቴ ትንፋሽ የምትስበው ስንኙ ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ አንድ ቃል ሲቀረው ነው። ሦስቴ ከወረደች በኋላ አራተኛውን የምትጀምረው ሁሉም ይወርዳል ብሎ ከጠበቀበት ከፍ ብላ ነው። «ልጄ» የምትመጣው ረጅም ዝምታ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ቃል የሌለው፣ ግን ፍጹም የእሷ የሆነ ሙሾ ይወርድ ነበር፣ እሷ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። በእጄ ከሠራኋቸው ሁሉ እንዲህ ሕይወት ያለው ነገር አልነበረኝም።

በግንቦት ወር አንድ ቀን፣ ምሳ በልተን እሷ ጤፍ ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች። የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ብቻዬን ነኝ ብዬ ትልልቆቹን ድምፅ ማጉያዎች ሰካሁ። ፕሮግራሙን ሳስጀምረው ምንም አይሰማም። ድምፁን ጨመርኩ፣ አሁንም ዝም። እስከ ጥጉ ጨመርኩ። ከዚያ ነው አምፖሉን ቀና ብዬ ያየሁት፤ መብራት ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ በባትሪው ይሠራል፣ መስመሮቹም ስክሪኑ ላይ እየተንቀሳቀሱ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ግን ሞቷል። የማስተምርበት ሰዓት ደርሶብኝ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዜማው የት ደርሶ እንደሚጠብቀኝ ለማየት ጓጓሁና ሳላጠፋው፣ መስኮቱንም ሳልዘጋ ወጣሁ።

ክፍል ውስጥ እያለሁ ጎረቤታችን ሴትዮ ደወሉ። «ቶሎ ወደ ቤት ና» አሉኝ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ና ብቻ።»

በአገራችን «ምንም፣ ና ብቻ» የሚባለው ለአንድ ነገር ነው። አክስቴ ሞተች ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ፊቴን አይቶ ሒሳብ ሳይጠይቀኝ ነዳ። ከቤታችን ማጠፊያ ላይ ስደርስ ድምጿን ሰማሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፣ በሕይወት አለች። ወዲያው ግን ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ። ሙሾ እያወረደች ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አፏን የዘጋችበትን ሙሾ፣ በራሷ ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። ለዚህ ምክንያት ሊሆን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። መርዶው መጥቷል።

ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ባለሱቁ ሙስሊም ጎረቤታችን ሱቃቸውን ዘግተው አግዳሚ ወንበር እያወጡ ነው። የዕድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም፤ አውራጇ ብቻዋን መሆን ስትፈልግ አይገባባትም፣ ያለንበት ሆነን እንቀበላለን። የደወሉልኝ ሴትዮ የጡት ወንድሜን በስሙ እየጠሩ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔም መሐላቸው ገብቼ አለቀስኩ። ጮኼ ነው ያለቀስኩት። ከእሱ ጋር አንድ በቅሎ ላይ መውጣታችንን፣ አንድ ሱሪ በፈረቃ መልበሳችንን እያነሳሁ አለቀስኩ።

ድምጿ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ከፍ አለ። ከኋላው አንድ ሰው ሳለ።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንባዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ቆመ። የበረንዳውን አምፖል ቀና ብዬ አየሁ፣ በርቷል። መብራት መጥቷል።

ለሰዎቹ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ የግቢው ለቅሶ ከበሩ በኩል እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ዞር አልኩ። አክስቴ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ወፍጮ ቤቱም መብራት እየጠበቀ ኖሮ ገና አሁን አስፈጭታ መመለሷ ነው። ዱቄቱን በጀርባዋ አዝላለች፣ ፊቷና ሹሩባዋ ዱቄት ለብሰው ነጭ ሆነዋል። ከውስጥ ደግሞ ሙሾዋ እየወረደ ነው።

ሴቶቹ ወደ ቤቱ ያያሉ፣ ወደ በሩ ያያሉ። አንዷ በስመ አብ ብላ አማተበች። ከበሩ አጠገብ የቆሙት ወደ ኋላ ሸሹ፣ ነጠላቸው እንዳይነካት እየሰበሰቡ። አክስቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የራሷን ድምፅ አዳመጠች። በደንብ ነው ያዳመጠችው፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው። ከዚያ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ከፊቷ የቆሙት ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ልጄ ነው?»

በሕይወቴ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁም፣ ዳግመኛም እንዳላይ እለምናለሁ። ሮጬ ገባሁና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ዝምታው ከሙሾው ይብስ ነበር። ተመልሼ ወጥቼ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እግሯን ይዤ ሁሉንም ነገር ተናገርኩ። ማንም አልሞተም። መርዶ አልመጣም። አንበሳሜ ላይ ቀድቼሽ ነው። ማሽን ነው። እኔ ነኝ።

የዕድሩ ዳኛ «ታዲያ እኛ ማንን ነው ያለቀስነው?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ጥያቄ ነበር። የደወሉልኝ ሴትዮ ደግሞ ደረታቸውን እንደያዙ አክስቴን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። «እኔ በስሙ ጠርቼዋለሁ እትየ» አሏት። «ማሩኝ። ሦስቴ ነው የጠራሁት።»

አክስቴ ዱቄቱን ቀስ ብላ አወረደች። እንደምትመታኝ ጠብቄ ነበር፣ ብትመታኝም ይሻለኝ ነበር። «በሕያው ላይ አወረድህበት» አለችኝ ብቻ። ቀጥላም «ክፈተው» አለች።

«እትየ፣ ተይው በእግዜር።»

«ክፈተው አልኩህ። ጀምረህ ጥለኸዋል። ሙሾ እንደዚህ አይጣልም፣ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቀረ ዞሮ ዞሮ ልጄን ያገኘዋል።»

እንዴት ነው የሚዘጋው? መጨረሻ አልጻፍኩለትም። ይህንኑ ስነግራት ሰው ሁሉ እየሰማ «መጨረሻ የሌለው ነገር ለምን ትጀምራለህ?» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን አውጥቼ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ሴቶቹ ከበቡ። ድምፁን ቀንሼ አስጀመርኩት። አክስቴ በቆመችበት፣ ዱቄቷን ሳታራግፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

ወፍጮ ቤት ውዬ ዱቄት ለብሼ ስመጣ፣
የራሴን ድምፅ ሰማሁ ከቤቴ ሲወጣ።

ሴቶቹ ሊቀበሏት ፈሩ። ማሽኑ ግን ተቀበላት። ወረደች፣ ወረደ። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ያወቅሁት እየጻፍኩ ነው። እሷ ከአርባ አንዱ ቁራጮች የአንዱን ድምፅ በራሷ አፍ ባወረደች ቁጥር፣ ያንኑ ከዝርዝሩ እሰርዛለሁ። እሷ የወሰደችውን ማሽኑ ዳግመኛ እንዳይለው። አርባ አንዱ አርባ ሆነ፣ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሳሉ ያለበት ሲወጣ ደረቴ ቀለል አለኝ። ጣቶቼ ከእሷ ጋር ይሄዱ ነበር፣ ይህን ሙዚቃ ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም።

መሐል ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። አክስቴ ከፍ ልትል ትንፋሽ ስትስብ ማሽኑ ቀድሞ ከፍ አለ። እሷ ልትገባበት በነበረው ቦታ፣ ልታወጣው በነበረው ድምፅ። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። ዕጣ ነው፣ ደንቡን እኔው ጽፌዋለሁ፣ እንዴት እንደሚመርጥ አውቃለሁ። አክስቴ ግን አቁማ ወደ ኮምፒውተሩ አየች። «ቀደመችኝ» አለች፣ ማሽኑን እንደ ሰው ቆጥራ። ከዚያ ከማሽኑ እንዳታንስ ድምጿን አጠንክራ ቀጠለች።

ልጄ መንገድ ላይ ነው ስሙን አታንሱብኝ፣
የተረፈ እንባ ካለ ለኔ አልቅሱልኝ።

ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን። ያለቀስነውን እንባ ከልጇ ላይ አንስታ በራሷ ላይ ማድረጓ ነው። የዕድሩ ዳኛ «ተይ፣ ተይ እንጂ» አሉ፣ አልሰማቻቸውም። ስንኝ በስንኝ ራሷን አለቀሰች። ጡቷን፣ እግሯን፣ በበቅሎ የሄደችበትን አገር ሁሉ እያነሳች። ሴቶቹም አንድ በአንድ መቀበል ጀመሩ። ሌላ ምን ያድርጉ? ቆማ በምታያቸው ሴት ላይ ደረታቸውን መቱ፣ እሷም ትክክል ያልመታች ስታገኝ በዓይኗ ታርማት ነበር።

በመጨረሻ ዝርዝሩ ላይ አንዲት ብቻ ቀረች። ረጅም ዝምታ ሆነ፣ ከዚያም ማሽኑ «ልጄ» አለ።

ልሰርዛት እጄን ስዘረጋ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ይቺን ተዋት። ይቺ ሙሾ አይደለችም፣ መጥራት ናት።» ድምፁን ብቻ አጠፋሁ። ሌሎቹን አርባ ቁራጮችና የአንበሳሜውን ቅጂ በዚያው ቀን፣ እሷ አጠገቤ ቆማ፣ አንድ ሳላስቀር አጠፋኋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው የተቀመጡትን ሰዎች ባመጣችው ዱቄት ገንፎ ሠርታ አበላቻቸው። ዱቄቱ ከየት እንደመጣ እያዩ የበሉት ምን ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ እኔ አልወረደልኝም።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ውስጥ ሰው አክስቴን የሚያያት ትንሽ በተለየ ዓይን ሆነ። መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸው ይረዝማል፣ እጇን ሲጨብጡ ግን ያጥራል። እሷ ትቀልድበት ነበር። ወጥ ሲወጣ «ለተለቀሰላት ሴት ወፈር ያለውን ስጡ እንጂ» ትላለች። ሙቀጫዋን ለአንዷ፣ የክት ቀሚሷን ለሌላዋ ሰጠች። ስትሰጥ ባየኋት ቁጥር ተቆጥቼ «ምን እየሆንሽ ነው?» እላታለሁ። «ቤት እያጸዳሁ ነው» ትለኛለች። ስልኳን ግን አልሰጠችም፣ ባትሪው አንድ ቀን እንኳ አላለቀም።

በኅዳር ሞተች። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለኝ፣ ሳትውጠው ያስቀመጠችውን መድኃኒትም ትራሷ ሥር አገኘሁት። ስለ ዕጣና ስለ አጋጣሚ ተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ነገር ከሌላው ተከትሎ መምጣቱ በእሱ ምክንያት መምጣቱን አያሳይም ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ። ጽሑፉ ትክክል ነው። በቀብሯ ቀን ግን አልጠቀመኝም።

ጉና ላይ በተወለደችበት ደብር እንድትቀበር ተናዝዛ ነበር። ሌላም ኑዛዜ ነበራት። «ሙሾ እንዳይወርድብኝ፣ የኔ ወርዷል።» ስለዚህ አስከሬኗን ተከትለን ዳገቱን ስንወጣ የካህናቱ ዜማ ሲያቆም ዝም ነው። ስንት ቀብር በድምጿ ያደመቀች ሴት ናት፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተከተሏት። ጉሙ ወርዶ ፊት ለፊት የሚሄደውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው የምናየው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ልንደርስ ስንል ከጉሙ ውስጥ የሆነ ሰው በጉሮሮው ማንጎራጎር ጀመረ። ሦስት ጊዜ ወረደ፣ ከዚያ ከፍ አለ። ሰው ሁሉ ቆመና ቦርሳዬን አየ። ከፍቼ አሳየኋቸው፣ የእሷ የሐኪም ወረቀትና አንድ ሻማ ብቻ ነበር። ያንጎራጎርኩት እኔ ነኝ ብሎ ያመነ አንድም ሰው የለም።

አርባዋ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው አንበሳሜ ያለ ዘመዳችን ደወለልኝ። ከባሕር ዳር ከመጣ ሚኒባስ ላይ የወረደ አንድ ከሲታ ሰው ገበያው መሐል ትከሻውን ነክቶ ሰላም ብሎታል። የጡት ወንድሜ ነበር።

ስለ እናቱ ምንም አያውቅም። ዘመዳችን እንደ ወጉ ፊቱን አሳምሮ፣ አብልቶ አሳደረው። እኛ በሌሊት ተነስተን ጎህ ሲቀድ ደረስን። ሞቷል ብለን ያለቀስንለት ሰው በር ከፍቶልን፣ የዕድሩን ዳኛና እኔን በአንድ ላይ ሲያይ ምን ይዘን እንደመጣን ገባው። መርዶውን ያረዳሁት እኔ ነኝ። በዚያ አገር ያሳለፈውን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ባሕር ዳር እንደደረሰ ከሰው ስልክ ለምኖ ደውሎላት ነበር፣ ቁጥሯን በቃሉ ይዞት ኖሮ። አልሠራም። ከሁለት ዓመት በላይ አንድ ቀን ሳይዘጋ የጠበቀው ስልክ፣ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ባትሪው አልቆ ተኝቷል። እኔ ዘንድ አርባ ቀን አልሞላውም።

ተዝካሩ አልፎ ሰው ሲበተን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ደብረ ታቦር ላይ በዚያ ሰሞን ጉም አይጠፋም፣ እስከ አጥሩ ድረስ መጥቶ ነበር። የጡት ወንድሜ «ድምጿ አለህ?» አለኝ። «አንተ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋህም። ስትስቅ፣ ስትቆጣ፣ ምንም ይሁን።»

አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በላይ አንድ ቤት ኖረን፣ በየቀኑ ስትቀልድ እየሰማሁ፣ ከእሷ የቀዳሁት ሙሾዋን ብቻ ነበር። ያንንም አጥፍቼዋለሁ። ይህን ስነግረው አልተቆጣኝም። ጉሙን ብቻ ያያል።

«አንዲት ቃል አለችኝ» አልኩት።

ኮምፒውተሩን አውጥቼ በዚያው በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ፕሮግራሙን ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ዝርዝሩ ላይ አንድ ብቻ አለ። ዕጣውን አጠፋሁት፣ ደንቡን ሁሉ አጠፋሁት። አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ፣ በመካከላቸው እሷ ትተወው የነበረውን ያህል ዝምታ።

«ልጄ» አለች።

የጡት ወንድሜ አልተነቃነቀም። እኔም። ዓይኑን ከጉሙ ላይ አላነሳም።

«ልጄ።»

ሁለታችንም ጠበቅን።

«ልጄ።»

«አቤት» አልን፣ እኩል።

ከዚያ ቀጥላ ምን እንደምትለን ለመስማት ተቀምጠን ጠበቅን።